ከቶሪኖ ለሸማኔው አባቴ

ይድረስ ለውድ አባዬ፣ ሽሮ ሜዳ

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የላካችሁት በርበሬ ሻንጣው ውስጥ ተፈትቶ አዲሱን ነጠላ አቅልቶታል። ሽሮው ተርፏል።

ባለፈው በስልክ «የጌታችን መግነዝ አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው አሉ፣ ሳይንስም አረጋግጧል አሉ» ብለኸኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩልህ።

ጨርቁ እውነትም እዚህ ነው፣ በቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ካቴድራል። እሑድ ሄጄ ነበር። ግን አይታይም። አየር በማያስገባ ሣጥን ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ለሕዝብ የሚወጣው ከስንት ዓመት አንዴ ነው። ተንበርክኬ ጸልዬ ተመለስኩ። የምጦራቸው እትዬ ልጅ አስተማሪ ነው። ማታ ማታ ሲያስረዳኝ የሰነበተውን ነው የምነግርህ።

መጀመሪያ ያንተን ሙያ ላስቀድም። ርዝመቱ ወደ 4 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ10 ነው። የተልባ ጨርቅ ነው። እኛ ፍሬውን ቆልተን እንጠጣለን፣ እነሱ ግንዱን ይፈትሉታል። አሠራሩ እንደ ሸማ አንድ በአንድ አይደለም። ማጉ ሦስት ድር እየዘለለ አንዱን ይይዛል፣ አቅጣጫውንም እየቀያየረ ይሄዳል። ጣሊያኖቹ «የዓሣ አጥንት» ይሉታል። ላዩ ላይ የተገረፈና የተሰቀለ ሰው ምስል አለ፤ የፊቱና የጀርባው፣ ራስ ለራስ ገጥሞ።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። በጽሑፍ የሚታወቀው በ1350ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ሊሬ ከሚባል መንደር ጀምሮ ነው። በ1389 የዚያው አካባቢ፣ የትሯ ከተማ ጳጳስ «ይህ በሠዓሊ እጅ የተሠራ ነው» ብለው የክስ ደብዳቤ ጽፈዋል። አየህ፣ ጭቅጭቁ የዛሬ አይደለም፣ የጀመሩትም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። በ1532 እሳት ነክቶት መነኮሳይያት እራፊ ጣፉበት። እዚህ ከተማ የገባው በ1578 ነው።

ትልቁ ምርመራ በ1988 የተደረገው ነው። ከአንድ ጥግ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው ለኦክስፎርድ፣ ለዙሪክና ለአሪዞና ቤተ ሙከራዎች አከፋፈሉት። ተልባ በሕይወት እያለ ከአየር ካርቦን ይስባል። ሲነቀል መሳቡን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ካርቦን 14 የሚባለው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረውን ለክቶ ተልባው መቼ እንደተነቀለ ማወቅ ይቻላል። ዕድሜያቸው የታወቀ ሌሎች ጨርቆችም አብረው ተመርምረዋል፤ አንዱ ከኑቢያ መቃብር የወጣ ነው። የእነሱ ልክ መጣ። የመግነዙ ደግሞ ከ1260 እስከ 1390 ሆነ። ለንደን ላይ ቁጥሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ ቃለ አጋኖ ሳይቀር አድርገውበታል። እሷ አጋኖ እኔንም አናዳኛለች።

ስለዚህ ሳይንስ አረጋገጠ የሚሉህን አትስማ። የለኩት ሰዎች ያገኙት ተቃራኒውን ነው። የዚህ ከተማ ካርዲናል ራሳቸው ናቸው ውጤቱን ለጋዜጠኞች የተናገሩት። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛም በ1998 እዚህ መጥተው፣ ነገሩ የሃይማኖት ጉዳይ ስላልሆነ ምርመራው የሳይንቲስቶች ነው ብለዋል።

ምስሉ እንዴት እንደታተመ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በ1978 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች አምስት ቀንና ሌሊት መርምረው ቀለም አይደለም አሉ። ማክሮን የተባለው የማይክሮስኮፕ ሊቅ ደግሞ ቀለም ነው ብሎ እስኪሞት ተከራከረ።

እማዬ «አንዲት ክር ብታመጣልኝ» ማለቷን ሰምቻለሁ። ያኔ የተቆረጠችው ይኸው እስከ ዛሬ ታጨቃጭቃለች፣ ጭራሽ እኔ ልጨምርባት?

እኔ በልቤ ልኬቱን አምኛለሁ። ካቴድራሉ ውስጥ ግን ዕንባዬ መጣ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ያንተን ዓይን ይፈልጋል። ሮጀርስ የሚባል ኬሚስት በ2005 «የተቆረጠው ጥግ በኋላ በጥጥ ክር የተጠገነ ነው፣ ስለዚህ ልኬቱ የጥገናው ነው» ብሎ ጻፈ። በ2002 እራፊዎቹን የፈታችው የጨርቅ ባለሙያ ፍሉሪ ሌምበርግ ደግሞ ጥገና የሚባል ነገር የለም አለች። በእጅ የተጠገነ ጨርቅ ከፊት ቢሸሸግ ከጀርባው ያስታውቃል፣ አንተ ራስህ ያስተማርከኝ ነው። የጥጉን ፎቶ አሳጥቤ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። መነጽርህን አድርግና ፀሐይ ላይ ወጥተህ ድርና ማጉን እየው። እሑድ ስደውል ትነግረኛለህ።

ልጅህ