የማይመዘገበው ሙከራ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ አጣዳፊ የደም ካንሰር የጻፉት ሰው፣ አዳዲስ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ በሕሙማን ላይ መሞከርን «ሰውን እንደ አይጥ መቁጠር» ብለውታል። እኔ ሐይቅ የምኖር ጡረተኛ ነርስ ነኝ፤ ቃሉ አንገብግቦኛል።

ሃያ ስድስት ዓመት የቲቢ ክኒን ሳድል ኖሬያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ላይ ይሰጣል። «ምነው በዛ?» ላለኝ ሁሉ «አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል» እለው ነበር። ይህ የታወቀው በሙከራ ነው፤ ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ ተሕዋሱ ይለምደው ነበርና።

የደም ካንሰር ሕክምናም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ዶክተር ሲድኒ ፋርበር ቦስተን ውስጥ አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት ከሰጧቸው 16 ሕፃናት 10ሩ ተሻላቸው፤ ለጥቂት ወራት ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞች ቪንክርስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ መርካፕቶፑሪንና ፕሬድኒሶን የተባሉ አራት መድኃኒቶችን አጣምረው ሲሰጡ የገዛ ባልደረቦቻቸው አወገዟቸው። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ሊምፎብላስቲክ የሚባለው ዓይነት ከያዛቸው 10 ልጆች 9ኙ ገደማ ይተርፋሉ።

የእህቴ የልጅ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲገረጣና ሲያተኩሰው እናቱ ወባ መስሏት ነበር፤ ባቲ ዘመድ ጥየቃ ሰንብተው መመለሳቸው ነው። ድዱ ሲደማ ግን እኔ ደነገጥኩ። አዲስ አበባ ተወሰደ፤ የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ያባቱ ወገኖች ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ፣ እኔም ስለቴን ተሳልኩ፤ እንደ ወሎ ቤት ሁሉ። መርፌው በጀርባው ሲገባ እናቱ «ሽባ አደረጉብኝ!» ብላ ጮኸች። በሽታው አንጎል ዙሪያ እንደሚሸሸግ፣ በደም ሥር የገባው መድኃኒት እዚያ በቅጡ ስለማይደርስ በጀርባ በኩል እንደሚሰጥ ያስረዳኋት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አምና ከልጁ መድኃኒቶች አንዱ ጠፋ። አምስት ሳምንት በቀሩት መድኃኒቶች ብቻ ቆየ። የስምምነት ቅጽ ያስፈረመን የለም፣ ምን እንደደረሰበት የመዘገበም የለም። ይህስ ሙከራ አይደለም? ያውም ማንም የማይማርበት!

በደንብ የተያዘ ሙከራ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የወጣውን ልጥቀስ፤ ከባድ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) የማይችሉ፣ ማየሎይድ የተባለው አጣዳፊ ዓይነት የያዛቸው ሰዎች ሁሉም አዛሲቲዲን የተባለ መድኃኒት አግኝተዋል፤ ከፊሎቹ ቬኔቶክላክስ የተባለ ሌላ መድኃኒት ተጨመረላቸው። ያለ መድኃኒት የተተወ አልነበረም። መካከለኛው የመኖር ዕድሜ፣ ማለትም ግማሾቹ ሕሙማን ያለፉት ጊዜ፣ ከ9.6 ወር ወደ 14.7 ወር ከፍ አለ። አምስት ወር ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ አስታሞ የማያውቅ ሰው ነው።

እኔ የምጠይቀው እንዲህ ያለው ሙከራ የእኛንም ልጆች እንዲጨምር፣ ቅጹም እናትየዋ በምትረዳው ቋንቋ እንዲነበብላት ነው። ጸሐፊው ሐይቅ ብቅ ካሉ ቡና አፍልቼ የልጁን የመድኃኒት ካርድ አሳያቸዋለሁ፤ አምስት ባዶ መስመር አለበት።

ጡረተኛ ነርስ
ከሐይቅ፣ ወሎ