የባዮሎጂ ክበብ፦ ሠላሳ ስድስት ብልቃጥ፣ ሦስት ካሮት

ለክበባት ዘገባ የሚሰጠን ቅጽ ሦስት ሳጥን አለው፤ የታቀደ፣ የተከናወነ፣ ያጋጠመ ችግር። ዘንድሮ ሦስተኛው ሳጥን ስላልበቃን ነው እንዲህ የጻፍኩት።

በጥቅምት ያቀድነው ከዋንዛ ቡቃያ በብልቃጥ ውስጥ ችግኝ ማውጣት ነበር፤ ቲሹ ካልቸር የሚባለውን። ዋንዛን ያስመረጠን ዲያቆን የሆነው ተማሪያችን ነው፤ «የከበሮው እንጨት ነው» ብሎ። ዋንዛ ግን የደብረ ብርሃንን ብርድ አይችልም። ዘመዶቿ ሸዋ ሮቢት ያሉ አንዲት አባላችን ለጋ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በአውቶቡስ ይዛልን መጣች። ቡቃያውን በበረኪና አጥበን፣ አጋር በሚባል፣ ስኳርና ማዕድን ባለው እንደ ጄሊ የረጋ ነገር ላይ ተከልን። 12 ብልቃጥ። በአምስተኛው ቀን አንድም ሳይቀር ሻገተ።

ምክንያቱ የተገኘው ከፊዚክስ መምህሩ ጋር ሻይ ስንጠጣ ነው። መጽሐፉ ብልቃጡን በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያህል አፍላ ይላል። እኛ ያለነው 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ፕሬዠር ድስቱም ቢሆን 121 አይሞላም። ጊዜውን ወደ 45 ደቂቃ አራዘምነው። ሁለተኛው ዙር አልሻገተም፤ ጠቆረ። የዛፍ ቁራጭ ሲቆስል ፌኖል የሚባል ንጥረ ነገር ያፈሳል፤ አየር ሲያገኘው እንደ ተላጠ ድንች ይጠቁርና ቁራጩን ራሱን ይመርዘዋል። ሎሚ ጨመርንበት። ሞቱን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

በጥር ከ23 አባላት 9 ቀሩ። ከቀሩት አንዷ በዚያ ሰሞን «ቲቸር፣ እያንዳንዱ ሕዋስ የዛፉን ዘረ መል በሙሉ ከያዘ፣ ቅጠል ለምን በራሱ ዛፍ አይሆንም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ስለ ጂን አገላለጽ፣ ማለትም የትኛው ጂን የትና መቼ እንደሚሠራ፣ ሰሌዳው ላይ ስደናበር ዲያቆኑ ቀደመኝ። «መጽሐፉ ሙሉው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዛሬ የትኛው ይነበብ የሚለውን ግን ግጻዌው ነው የሚያዘው።»

ሃያ ዓመት ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የቅጠል ሕዋስ መጽሐፉ ሙሉ ነው፤ የሚያነበው ግን የቅጠልን ምንባብ ብቻ ነው። ቲሹ ካልቸር ግጻዌውን ማስቀየር ነው። የተቆረጠው ሕዋስ መጀመሪያ የቁስልና የጭንቀት ጂኖቹን ያነባል፤ ሌላውን ምንባብ የሚያስጀምሩት ኦክሲንና ሳይቶካይኒን የሚባሉት የዕፅዋት ሆርሞኖች ናቸው። ስኩግና ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 በትምባሆ እንዳሳዩት ኦክሲን ካየለ ሥር፣ ሳይቶካይኒን ካየለ ቡቃያ ይወጣል፤ ሁለቱ ከተመጣጠኑ ካለስ የሚባል ቅርጽ የለሽ እብጠት ይሆናል።

ሦስተኛውን ዙር በካሮት ሠራን። ከአንድ አበባ አምራች የተለገሰንን የሥር ማብቀያ ዱቄት ጨምረን፣ አምፖል ባለበት የጫጩት ማሳደጊያ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነበርና። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሦስት ብልቃጥ ተረፈ። ሁለቱ ነጭ ካለስ አወጡ፣ ሦስተኛው ቀጫጭን ሥር። ዱቄቱ ኦክሲን ስለሆነ ሥር መውጣቱ አይገርምም፤ ጭብጨባው ግን እስከ ቢሮ ተሰማ።

ካሮቱን እንደ ሽንፈት የቆጠሩት ነበሩ። እኔ አልስማማም። ከተራ ሕዋሳት መካከል ወደ ፅንስነት የሚያመሩትን የሚያመለክተው ሰርክ የተባለ ጂን እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነው በካሮት ነው፤ ዛፍ በብልቃጥ የሚያራቡ ተመራማሪዎች ዛሬ የዚህን ጂን ዘመዶች በየዛፉ ይፈልጋሉ። እኛ ብልቃጡን ከውጭ ነው የምናየው። እነሱ አርኤንኤውን፣ ማለትም ሕዋሱ ጂኑን ሲያነብ የሚያወጣውን ቅጂ፣ አውጥተው፣ ወደ ዲኤንኤ መልሰው፣ የትኛው ምንባብ ምን ያህል እንደተነበበ ፒሲአር በሚባል ዲኤንኤ የማባዣ ዘዴ ይለካሉ። በእንጨት ዛፍ ላይ ግን ያው ፌኖል አርኤንኤውንም ያበላሽባቸዋል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ በጣም ደስ አላቸው።

የመጨረሻው ውይይታችን የዘይት ዘንባባ ላይ ነበር። የጣውላ ዛፍ አይደለም፤ ነገሩ ግን ለሁሉም ይሠራል። ከአንድ ምርጥ ዛፍ በብልቃጥ የተባዙ ዘንባባዎች ተተክለው፣ ዓመታት ከተጠበቁ በኋላ አንዳንዶቹ ዘይቱ እምብዛም የሆነ ጎደሎ ፍሬ አፈሩ። የዘረ መሉ ፊደል አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ካርማ በተባለ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ የነበረው ሜቲሌሽን የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት በብልቃጥ ቆይታው ጠፍቶ፣ በዚያው የሚገኘው የአበባ ጂን አነባበብ ተዛብቷል። «ማኅተሙ ተነሥቶ ነዋ!» አለ ዲያቆኑ።

በሚያዝያ ወፍ ዋሻ ደን ሄደን ጥዱንና ዝግባውን አየን፤ ዝናብ ቶሎ አባረረን።

ሥር ያወጣው ብልቃጥ ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ክረምቱን የጥበቃው አባባ ያዩልናል። ለመስከረም ዋንዛውን እንደገና እንሞክራለን፤ ፌኖሉ ሳይበዛበት ከችግኝ ጫፍ እንጂ ካረጀ ዛፍ አንቆርጥም። ክዳኑ የሚገጥም ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ያላችሁ ወላጆች አትጣሉብን።