ቧንቧው በጓሯችሁ ሲያልፍ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክሽው የድምፅ መልእክት ደርሶኛል፤ እናትሽ ደጋግማ አስከፈተችኝ። ከሰፈራችሁ ጀርባ የነዳጅ ቧንቧ ሊቀበር ታስቧል፣ ነዋሪው ተሰብስቦ ሐሳቡን ይስጥ ተብሏል፣ «አባዬ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ነዳጅ ስታመላልስ የኖርክ ሰው ነህ፣ ምን ልበላቸው?» አልሽ። ደስ አለኝ። አሜሪካ ከገባሽ ወዲህ የሞተር ዘይት ስለመቀየር እንኳን ጠይቀሽኝ አታውቂም።

በስልክ ላወራሽ አስቤ ነበር። ግን የእኛን ኔትወርክ ታውቂዋለሽ፣ ነገሩም በሁለት ቃል አያልቅም። ስለዚህ ጻፍኩት። ይረዝማል፣ ልጆቹ ሲተኙልሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ባልሽ የፈራውን ነገር ላንሳ። እሳት። «ይፈነዳል» ይላል አይደል? ሊፈነዳ ይችላል፣ አልዋሽሽም። ግን ያው ነዳጅ በቦቴ ከሚሄድ በቧንቧ ቢሄድ ለሰው ሕይወት ይሻላል። ከጋላፊ እስከ አዋሽ ስንት ቦቴ ተገልብጦ እንዳየሁ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሙሉ ጭነት ይዞ ፍሬኑ እየሸተተ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ፣ አብረውኝ ከሠሩት እነማን እዚያው እንደቀሩ እናትሽ ትነግርሻለች። ቧንቧ አያንቀላፋም፣ ጫት አይቅምም፣ ከኩርባ ላይ አይሱዙ አይመጣበትም። የኩባንያው ሰዎች «ከመኪና ይሻላል» ካሏችሁ እውነታቸውን ነው። እዚህ ላይ አትከራከሪያቸው፣ ጊዜሽን ይበሉብሻል።

የቧንቧ ችግሩ ሌላ ነው። ዝም ይላል። ቦቴ ሲገለበጥ አገር ይሰማል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ መንገድ ይዘጋል። ቧንቧ ግን አንድ ሜትር ገደማ ከመሬት በታች ተቀብሮ፣ ቤንዚኑም ናፍጣውም በዚያው ቧንቧ ተራ በተራ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ገደማ ነው የሚሄደው። ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ ግፊቱ ይወርድና መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ሰው ያያል። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ግን መሣሪያው ላያውቀው ይችላል፤ ነዳጁ ቀስ እያለ መሬት ሲጠጣው ይከርማል።

ይሄን ከራሴ አላመጣሁትም። መልእክትሽን ከሰማሁ ወዲህ ስልኬ ላይ ሳነብ ሰንብቻለሁ፣ አንዳንዱን የእህትሽ ልጅ ተርጉሞልኛል። እዚያው አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሀንተርስቪል በምትባል ከተማ በ2020 (በእነሱ አቆጣጠር) የቤንዚን ቧንቧ አፈሰሰ። ያገኘው ማን ይመስልሻል? በትንንሽ ሞተር ጫካ ለጫካ ሲዘሉ የነበሩ ሁለት ጎረምሶች። ኩባንያው መጀመሪያ የፈሰሰው 63 ሺህ ጋሎን ነው አለ። በእኔ ሂሳብ፣ አንዱን ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ብለሽ ብትይዢው፣ አምስት ቦቴ ገደማ ነው። እየቆየ ቁጥሩ ሲጨምር ሲጨምር ወደ 2 ሚሊዮን ጋሎን ደረሰ። ከ160 ቦቴ በላይ! እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ጭነቴ ሲራገፍ ትንሽ ከጎደለ ከደመወዜ ይቆረጥ ነበር።

ሚቺጋን ውስጥ ደግሞ በ2010 (ይሄም በእነሱ አቆጣጠር) ድፍድፍ ነዳጅ የሚያስተላልፍ ቧንቧ ተሰነጠቀ። ማስጠንቀቂያው ጮኸ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰዎች ግን ቧንቧው ውስጥ ባዶ ቦታ የተፈጠረ መስሏቸው ፓምፑን ሁለት ጊዜ መልሰው አስነሱት። 17 ሰዓት እንዲሁ ቆየና በመጨረሻ የነገራቸው የሌላ ድርጅት፣ የጋዝ አገልግሎት ሠራተኛ ነው። ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ፈሶ ካላማዙ የሚባል ወንዝ ገባ።

እንግዲህ አስቢው። በሁለቱም ቦታ ቀድሞ ያወቀው የውጭ ሰው ነው። መቆጣጠሪያው መሣሪያ ፊት የተቀመጠው ሰው አይደለም።

እዚህ ሰፈር ቡና ላይ አነሳሁትና አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከርንበት። «ባሕር ዳር ቢመጣ ትስማማላችሁ?» አልኳቸው። ጊቢያችን ተከራይቶ የሚኖረው የባጃጅ ሹፌር ገና ሳልጨርስ «ይምጣ! ዛሬውኑ ይምጣ!» አለ። እውነቱን ነው፣ ማደያ በር ላይ ሰልፍ ይዞ የሚያድር ልጅ፣ ካልሆነለት በሃይላንድ ጠርሙስ በእጥፍ የሚገዛ ልጅ፣ ሌላ ምን ይበል? ጡረታ የወጡት መምህር ጎረቤታችን ግን ተቆጡ። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳን ከ15 ሜትር አያልፍም፣ ዓባይ ከዚሁ ነው የሚወጣው፣ የምንጠጣው ከምንጭና ከጉድጓድ ነው፣ አንድ ጊዜ ናፍጣ ከገባበት ማን ያወጣዋል አሉ። ሕግ መጥቀስ ይወዳሉ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ እንዲመከርበት መብት ሰጥቷል፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 299/1995 ብለው ቁጥሩን ሳይቀር ጠሩት። የባጃጁ ልጅ «መምህር፣ አዋጁ ቤንዚን ይሆናል?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

እኔም የራሴን ጨመርኩ። በ2008 ዓ.ም. ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ሊዘረጋ ተፈርሞ ነበር፣ 1.55 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ። ወረቀት ላይ ቀረ እንጂ። ያኔ እኛ ሹፌሮች የፈራነው እንጀራችንን ነበር። እኔ ግን አንድ ሌላ ነገር ከነከነኝ። ሚሌ፣ ገዋኔ፣ እነዚያ በመንገዳችን ላይ ያሉ ከተሞች የሚኖሩት እኛ ስለምንቆም ነው። ሻይ እንጠጣለን፣ እንበላለን፣ እናድራለን፣ ጎማ እናስለጥፋለን። ቧንቧ አይቆምም። ነዳጁ በደጅሽ ያልፋል፣ አንቺ ግን ማደያ ሄደሽ እንደማንም ሰው በዚያው ዋጋ ነው የምትቀጂው። የጢስ ዓባይን ሰዎች አታስታውሺም? በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ውሃ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወደ በለስ ተላከ። 460 ሜጋ ዋት ነው፣ ለአገር መብራት ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ፏፏቴው ሲሳሳ ግን የከፈሉት ቱሪስት እየመሩ ይኖሩ የነበሩት ናቸው።

እናትሽ ይሄን ሁሉ ስንል ዝም ብላ ቡናዋን ስትቀዳ ቆይታ፣ «ለመሆኑ ማታ ሲሸት ለማን ነው የሚደወለው?» አለች።

ልጄ፣ ስብሰባው ላይ መጠየቅ ያለብሽ ይሄንኑ ነው። ወደዳችሁም ጠላችሁም፣ ከተቀበረ በኋላ ጠባቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ቀድሞ የሚሸታችሁ እናንተን ነው። ስለዚህ ጠባቂ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይስጧችሁ። ነዳጁን የሚዘጉት ቫልቮች የት የት ናቸው? ከአንዱ እስከ አንዱ ስንት ነው፣ ከሩቅ በአዝራር ይዘጋሉ ወይስ ሰው በመኪና ሄዶ ነው? በሁለት ቫልቭ መሀል ያለው ነዳጅ በሙሉ ሊፈስ እንደሚችል አስቢ። ቧንቧው ውስጥ እየሄደ የብረቱን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ አላቸው፤ በየስንት ጊዜው ነው የሚልኩት፣ ውጤቱን ለእናንተ ያሳያሉ ወይ? ሰፈራችሁ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ቤት ካለ አሁኑኑ፣ ሳይቀበር፣ ውሃው ተመርምሮ ወረቀት ይያዝለት፣ ኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር» እንዳይባል። የእሳት አደጋ ሰዎቻችሁንም አነጋግሪ። የቤንዚን እሳት በውሃ አይጠፋም፣ ፎም የሚሉትን ማጥፊያ አረፋ ይፈልጋል። ፎሙ አላቸው? ካልሆነ ማን ይገዛል?

ሌላው ቁፋሮ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ቤሊንግሃም የሚባል ከተማ በ1999 የቤንዚን ቧንቧ ፈንድቶ ሦስት ልጆች ሞቱ፤ ሁለቱ የአሥር ዓመት ናቸው፣ አንዱ ወንዝ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ የነበረ የ18 ዓመት ልጅ። ከዓመታት በፊት በአካባቢው ሲቆፍር የነበረ ኤክስካቫተር ቧንቧውን ጎድቶት ነበር። እናንተ ጋ ከመቆፈር በፊት የሚደወልበት 811 የሚባል ቁጥር አለ አሉ። ባልሽ አጥር ለማቆም እንኳን ቢፈልግ ሳይደውል አካፋ እንዳያነሳ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሰው የማያነሳው። ስብሰባ ላይ የሚመጣው ባለቤት ነው። መሬቱን ቧንቧው የሚያልፍበት ሰው ገንዘብ ስለሚቀበል አንደኛ ረድፍ ይቀመጣል። ተከራዩስ? ናይሮቢ ሲናይ የሚባል ሰፈር ቧንቧው አጠገብ ድሃ ሰፍሮበት ነበር። ነዳጁ ወደ ፍሳሽ ቦይ ገባ፣ ሰው ጀሪካን ይዞ ወጣ፣ እሳት ተነሳ፣ ወደ መቶ ሰው አለቀ። በእኛ መስከረም 1 ቀን 2004፣ እኛ እንቁጣጣሽ እያልን። አይፈረድባቸውም፣ ድህነት ነው። እናንተ ጋም ከመንገዱ ማዶ ያሉት የኪራይ ቤቶች ውስጥ ያሉትን ሰዎች ጥሪያቸው፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ካሉ አስተርጉሚላቸው።

ባልሽ «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል» ማለቱንም ሰምቻለሁ። ሊወርድ ይችላል። ግን ስብሰባ ላይ በዚህ አትጀምሩ፣ ለኪሳችሁ የመጣችሁ ይመስላል።

እኔ ብሆን? ጨርሶ አይለፍ አልልም፣ ቦቴ የነዳ ሰው እንደዚያ ሊል አይችልም። ግን ቫልቩን፣ የውሃ ምርመራውን፣ ሲፈስ ማጽጃውን የሚከፍለውን፣ ቧንቧው ሲያረጅ የሚነሳ ይሁን እዚያው የሚቀር መሆኑን በጽሑፍ ሳያስቀምጡ አልፈርምም። በአፍ የሚሉትን እሺ በይና «እዚህ ላይ ጻፉልኝ» በያቸው። ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው ከተለወጠ መልስሽን አገኘሽ።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታለች፣ የሚመጣ ሰው ካለ ንገሪን። ስብሰባው ላይ ካርታ ያድሏችኋል፤ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቫልቮቹን ካላስቀመጡበት ደግሞ ያለ ካርታ እንዳትወጪ፣ ሌላ አምጡ በያቸው።

አባትሽ፣ ከባሕር ዳር