ያቺን ልጅ አደራ

እቱ፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ?

ይህን ያህል ዝም ብዬ ብቅ ስል ጉዳይ ይዤ መሆኑ አይጠፋሽም። ስለዚህ ይቅርታውን በአጭሩ ተቀበዪኝና ስንገናኝ አፍሽ እስኪደክም ትቆጪኛለሽ። ደግሞ አንቺም እኮ አልጻፍሽም!

ዘንድሮ ከሕግ ትምህርት ቤታችን የምትመረቅ አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ አለች። መሥሪያ ቤታችሁ ጀማሪ የሕግ ባለሙያ እንደሚፈልግ ሰምታ ልትመዘገብ ነው። ቅጠሯት አልልሽም፤ እሱን ራሷ ትወጣዋለች። የኔ ጭንቀት ፈተናው በምን እንደሚሰጥ ነው።

ሳታይ ሕግ ተማረች ብሎ መገረም ቀላል ነው፤ ያውም ዓይነ ስውሯን የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሴን ባፈራ አገር። እኔን የገረመኝ የወረቀቱን ጣጣ የተወጣችበት ዘዴ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻውን 3367 ቁጥር ነው። በብሬል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ ስለሚጻፍ አንዱ የታተመ ገጽ ብዙ ገጽ ይወጣዋል። እሱንም ወረቀቱን ስሌት በሚሉት የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ ላይ አጣብቃ፣ በስታይለስ፣ ማለትም በመውጊያው፣ ነጥብ በነጥብ እየወጋች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ፊደሉን ገልብጣ ነው የምትጽፈው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነው ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት አይሆንም፤ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ጣት ሲመላለስበት ነጥቡ ይተኛል። ወፍራሙን የምትገዛበት አልነበራትም፤ እናቷ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ነው ያስተማሯት። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበትን የግድግዳ ካላንደር ከየቢሮው እየለመነች ትቆርጠዋለች። ክረምት እርጥበት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ከተደራረበም የታችኛው ይጨፈለቃል፤ ዶርም ውስጥ አቁማ የምትደረድረው ለዚያ ነው።

ሁሉን ልጻፍ ብትል ኖሮ አንደኛ ዓመት ላይ ትቀር ነበር። ክፍል ውስጥ በስልኳ ትቀዳለች፤ ማታ ስታዳምጥ ወደ ብሬል የምታወርደው ቁጥሩንና ፍሬ ነገሩን ብቻ ነው። ለምሳሌ ስለ ውል የሚናገረው ቁጥር 1678፦ ችሎታና ፈቃድ፣ ጉዳይ፣ ፎርም። በቃ። ቀሪውን በቃሏ ትሞላዋለች። ምስለ ችሎት ላይ ተከራካሪዎቿ የሕግ መጽሐፍ ሲያገላብጡ እሷ ፊቷን ወደ ዳኞቹ እንዳደረገች በጣቷ እያነበበች ትከራከራለች። ቀንቼባታለሁ ብልሽ ትስቂ ይሆናል።

ኮምፒውተር ላይም ጎበዝ ናት፤ የሚሰጧት ፋይል ነው የሚያስቸግራት። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነበው ፕሮግራም፣ ለስክሪን ሪደር፣ ፎቶ ነው፤ ዝም ይላል። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተተየበ ከሆነ ደግሞ አማርኛውን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል አድርጎ ያነብላታል። ነጋሪት ጋዜጣማ አማርኛው በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በሌላው ስለሆነ፣ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ሁለቱ መስመር ለመስመር ይደባለቃሉ። እሷ ዓምዱን ለይቶ የሚገለብጥላት ጓደኛ ፈልጋ፣ በለውጡ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ታርምለታለች!

እንግዲህ የምለምንሽ፦ ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ ጥያቄው በድሮዎቹ ሶፍትዌሮች ሳይሆን በዩኒኮድ ተተይቦ በወርድ ይሰጣት። ኮምፒውተሩ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ይጫን፣ ነፃ ነው፤ ግን አማርኛውን ማንበቡን ከቀኑ በፊት ራሷ መጥታ ትሞክረው። የጆሮ ማዳመጫም እንዳይረሳ። በወረቀት ከሆነ ግን አንባቢ ያስፈልጋል። አንባቢው ሕግ የሚያውቅ ይሁን፤ «ይግባኝ»ንና «ሰበር»ን የሚያምታታ ሰው ጥያቄውን ይገድልባታል። ቃል በቃል ያንብብ፣ በራሱ አባባል አያስረዳ፤ ትክክለኛው ምርጫ ላይ ሲደርስ ድምፁ የሚለወጥ ሰውም አይሁን፣ ለሌሎቹ ተፈታኞችም ፍትሕ አይደለም። ክፍሉ ለብቻ ይሁን። ምርጫዎቹ ተደጋግመው መነበብ ስላለባቸው ሰዓቱ ቢያንስ በግማሽ ይጨመርላት። የጽሑፍ ጥያቄ ካለ መልሷን ሌላ ሰው አይጻፍላት፣ ራሷ ትተይባለች፤ ከብዙዎቻችን ትፈጥናለች።

ሰው ባስቸግርሽ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 568/2000ን አውጪላቸው። አድልዎ ተፈጽሟል ከተባለ የማስረዳቱ ሸክም ወደ አሠሪው እንደሚዞር መቼም ለአንቺ አልነግርሽም። ኧረ ማስፈራራቴ አይደለም... ትንሽ ነው።

እሷ እንደጻፍኩልሽ አታውቅም፤ ብታውቅ የምትቀየመኝ ይመስለኛል። ስለዚህ የኔን ስም አታንሺ፤ ለአካል ጉዳተኛ አመልካቾች ሁሉ እንደምትጠይቂ አድርገሽ ጠይቂያቸው።

ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል። ፈተናው በወረቀት ይሁን በኮምፒውተር ከዚያ በፊት ብቻ አሳውቂኝ፤ አንባቢ ካጣችሁ ከዚህ እልካለሁ።

ያንቺው