ውርጭ የመታውን አፕል አልነቅልም

ለውድ ልጄ፤ አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ያማት የነበረው ወገቧ ተሽሏታል። ባለፈው ስንደዋወል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የልቤን ሳልነግርህ ቀረሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። እህትህ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች።

አፕሉ ይነቀልና ባህር ዛፍ ይተከልበት ብለሃል። ለኛ አዝነህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን አልነቅልም። ምክንያቴን እንድታውቅ የሆነውን ከሥሩ ልንገርህ።

ውርጭ ለደጋው ሰው አዲስ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሲጥል ኖሯል፤ ባቄላውን ስንት ዓመት እንዳከሰለብን ታውቃለህ። አፕሉ በዚያ ወቅት እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ምንም አይለውም፤ እንዲያውም ብርዱን ይፈልገዋል። ዘንድሮ ግን የመጣው በየካቲት ነው። የበልጉ ካፊያ ጀምሮ፣ ደመናው ሰንብቶ፣ ሰው ሁሉ ብርዱ ወጣ ብሎ ነበር። የዚያን ዕለት ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጥርት አለ፣ ነፋሱም ጸጥ አለ። እናትህ ከብቶቹን ስታስገባ ቀና ብላ አየችና «ዛሬ ሌሊት ይጥላል» አለች። ደመና ካለ ምድር ቀን የያዘችው ሙቀት ቶሎ አያመልጥም። ሰማይ ሲጠራና ነፋስ ሲጠፋ ግን ሙቀቱ ሽቅብ ይሄድና ቅዝቃዜው መሬት ላይ ይተኛል።

ጎህ ሲቀድ ብወጣ ሣሩ አመዳይ ለብሷል፣ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል። አፕሉ ግን አበባው እንዳለ ነው። ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ ብሎ «አንተንስ አላህ አትርፎሃል» አለኝ። ዝም አልኩት። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አንድ አበባ ቀጥፌ በጥፍሬ ሰነጠቅሁት። ዙሪያው ነጭና ሮዝ ነው፣ ምንም አልሆነም፤ መሀሉ ላይ ያለችው፣ ኋላ ፍሬ የምትሆነው አረንጓዴዋ ነገር ግን ጠቁራለች። ሌላም ቀጠፍኩ፣ እሱም ጥቁር። ከወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች ያልጠቆረ አበባ ለማግኘት ብዙ ለፋሁ። አልፎ አልፎ ያልፈነዳ እምቡጥ ብቻ ተርፏል፤ እምቡጥ ከፈነዳ አበባ የበለጠ ብርድ ይችላል።

የጓሮው ኮክ ደግሞ ቀድሞ አብቦ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ፍሬ ይዞ ነበር። ትንሿ ፍሬ ከአበባውም በላይ ብርድ አትችልም። ሰንበት ብላ ረገፈች። ክረምት ላይ ኮክ መንገድ ዳር እየደረደሩ የሚሸጡትን ሴቶች አስባቸው፤ ለልጆቻቸው ደብተር የሚገዙት በዚያች ነው። የንቡም ነገር እንዲሁ ነው፣ የሚቀስመው አበባ አጣ። የበልጉ ገብስ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ቡቃያው ገና ልቡ ከአፈር በታች ስለሆነ መልሶ አቆጠቆጠ። ይሄን ያየ ሰው ነው እንግዲህ «አፕል ለኛ አገር አይሆንም» የሚለው።

የግብርና ባለሙያው እንዳስረዳኝ አፕል ሙሉ በሙሉ ባበበበት ሰዓት ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ሲወርድ ከ10 አበባ አንዱ ቢሞት ነው፤ ወደ 4 ከወረደ ግን 9ኙ ይሞታሉ። በሁለት ዲግሪ ነው እንግዲህ የዓመት ልፋት የሚሄደው። እና ልብ በል፤ ተረተሩ ላይ ያሉት ዛፎቻችን አብዛኛው አበባቸው ተርፏል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ቁልቁል ይፈስና ረባዳው ላይ ይጠራቀማል። የታችኛው ማሳ ደግሞ በጥቅጥቅ አጥር የተዘጋ ስለሆነ የመጣው ብርድ መውጫ አጣ። ስለዚህ የምነቅለው ነገር ካለ ዛፉን ሳይሆን የታችኛውን አጥር ነው። በከፊል እከፍተዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ዝርያው ነው። የኛዎቹ አና እና ዶርሴት ጎልደን ናቸው። ብዙ ብርድ ሳይጠብቁ ስለሚነቁ ነው ለአገራችን የተመረጡት፣ የሚጎዳቸውም ያው ቶሎ መንቃታቸው ነው። ደግነቱ እኛ ዘንድ ዛፉ የሚነቃው ቅጠሉን በእጃችን ስናረግፍለት ነው። ለከርሞ የታችኞቹን ቅጠል ዘግይቼ አረግፋለሁ። አንደኛው ለሌላው የአበባ ዱቄት ስለሚሰጥ ሁለቱንም እኩል ማቆየት አለብኝ። ከሥራቸው ያለውን ሣር አጭጄ አነሳለሁ፤ ሣር መሬቱ ፀሐይ እንዳይሞቅ ይከለክለዋል። ሰማይ የጠራ ዕለት ከሰዓት በኋላም ውሃ አጠጣለሁ፤ እርጥብ አፈር ቀን የሞቀውን ይዞ ያድራል።

ጎረቤቶቻችን ሌሊት አንድ ትልቅ የኩበት ክምር እያነደዱ ጭሱን ይጠብቃሉ። ጭሱ ያን ያህል አይደለም፤ ከአንድ ትልቅ እሳት በየዛፉ መሀል የተበተኑ ትናንሽ እሳቶች ይሻላሉ። ይሄንንስ ፈረንጆቹም ያደርጉታል። በ2013 መጋቢት መጨረሻ ፈረንሳይ አገር እንዲህ ያለ ዘግይቶ የመጣ ውርጭ ጥሎ፣ ወይን አብቃዮቹ ሌሊቱን በየማሳቸው ሻማ ሲለኩሱ እህትህ በስልኳ አሳየችኝ። ያ ሁሉ ሀብት ያላቸው ሰዎች ያን ዓመት ብዙ ወይን አጥተዋል። ወይናቸውን ነቅለው ግን ባህር ዛፍ አልተከሉም።

ስለ ገንዘቡ አልዋሽህም፣ ዘንድሮ ይጠብበናል። ዕቃው ሲያንስ ዋጋው ይወደዳል የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ደሴ ላይ ከውጭ የገባ አፕል እንደ ልብ አለ፣ ከሐይቅና ከመርሳ በኩል ደግሞ ቆላው ያበቀለው ማንጎ ይወጣል፣ ውርጭ አያውቀውም። የተረፈችው የኛ ፍሬም ወገቧ ላይ ዝገት የመሰለ ቀለበት ይዛ ልታድግ ትችላለች። ጣዕሟ ያው ነው፣ ነጋዴው ግን ያችን ቀለበት አይቶ ግማሽ ዋጋ ይላል። ለሰፈር እንሸጣታለን። የእህትህን ወጪ በጉ ይሸፍናል፣ አታስብ።

ባህር ዛፍ እንጨቱ እንደሚሸጥ አውቃለሁ፣ ዳገቱ ላይ አለን አይደል። ግን ውሃ የሚጠጣውን ማሳ ለሱ አልሰጥም፤ ምንጩን ይመጥብኛል፣ ከጎኑም ገብስ አያስበቅልም። ውርጭ አይፈራም ያልከውም ትልቁን ነው እንጂ ችግኙንማ ይመታዋል።

ለችግኝ መግዣ ልላክ ያልከው ብር አንተው ጋ ይቆይ። ለዓረፋ ስትመጣ ከዜሮ በታች የሚያሳይ ቴርሞሜትር ፈልገህ አምጣልኝ፤ ከታችኛው ማሳ ዛፍ ላይ፣ አበባው ባለበት ቁመት እሰቅለዋለሁ። የውሃ ጎማም ብታገኝ ጥሩ ነው፣ ረዘም ያለ ይሁን፣ ከምንጩ እስከ ታች ይድረስ። እናትህ ሰላም ብላሃለች፤ ጋቢህን ተከናነብ ትላለች። ወሰላም።

አባትህ