ሰሙን ኮምፒውተሩ፣ ወርቁን አንተ

ቅኔው፣ እንዴት ከረምክ? ዶርም ያወጣንልህ ስም እስካሁን አልተፋቀም አይደል? ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ዛሬ ምን አስታወሰው እንደምትል አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፤ ከዚያ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ።

ያስታወሰኝ ገመድ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንዱ የኔትወርክ ገመዱን ሁለት ጫፍ እዚያው አንድ ስዊች (ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ሰካው። መልእክቱ እየዞረ፣ እየተባዛ መውጫ አጣ፤ ሕንፃው ሙሉ ከኢንተርኔት ውጪ ሆነ። ይህን የሚከላከለውን ዘዴ ለካ የሆነ ሰው አጥፍቶት ኖሯል። ዘዴውን በ1985 (በፈረንጅ ነው) የፈጠረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። ትርፍ መንገዶችን ይዘጋና ኔትወርኩን ዛፍ ያደርገዋል። የዛፍ ቅርንጫፍ መቼም ዞሮ ራሱ ላይ አይገጥምም።

አሁን ያንተው ነገር መጣ። ሥራውን የሰጣት አለቃዋ እረፍት ወጥቶ ነበር። ዘዴውን በሁለት ቀን ጽፋ ጨረሰችና የቀረውን ሳምንት ግጥም ስትገጥም ዋለች! ከዚያ ጥናታዊ ጽሑፏ ውስጥ አስገባችው። ጆይስ ኪልመር ስለ ዛፍ የጻፈውን የታወቀ ግጥም ይዛ፣ ዛፉን ኔትወርክ አደረገችው። ሰሙ ዛፍ፣ ወርቁ ገመድ። እዚያ ብትኖር «ይበል!» ብለህ ትነሣ ነበር።

ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩት ደግሞ ባሰባቸው። በ1990 ሌላ ግጥም ጽፈው ግጥሙን ራሱን ፕሮግራም አደረጉት፤ ኮምፒውተሩ ሳያጉረመርም ያነበው ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደ ግጥም ብዙም አልጣመኝም።

እኔም ሞከርኩ። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በኛ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል፦

ዝምታ = 3
ናፍቆት = ዝምታ * 365

ራን ሳደርገው ስህተት አላለም። ስክሪኑ ላይም ምንም አላወጣም፤ አውጣ አላልኩትማ። ሰሙ 1095 ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት ግን ረስቼ አንድ ቀን ጎድሏል፤ እሱን አርምልኝ። ቤት አይመታም እንዳትለኝ ብቻ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው።