ባንድ ለማየት ለአንድ ሌሊት ለምትመጣው ልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ቀለል ብሎላታል፣ ፈጣሪ ይመስገን።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ከሐዋሳ ተነስታችሁ፣ ማታ ስታዲየም አካባቢ ባለው ሆቴል የምትወጂውን ባንድ አይታችሁ፣ እሑድ ለመመለስ እንዳሰባችሁ እናትሽ ነግራኛለች። ለእኔ በቀጥታ ያልነገርሽኝ «275 ኪሎ ሜትር ለአንድ ሌሊት ዘፈን?» እንዳልልሽ ፈርተሽ መሆኑን አላጣሁትም። አልልሽም። አንድ ድምፃዊ ቀድሞ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ማይክ ይዞ የሚንጎራደድበት ዝግጅት ቢሆን ኖሮ፣ ሐዋሳ ቁጭ ብለሽ በስልክሽ ብትሰሚው ምንም አይቀርብሽም እልሽ ነበር። ባንድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከበሮ መቺው የባስ ጊታሪስቱን ፊት እያየ ምቱን ሲያጠብቅ፣ ሳክስፎኒስቱ ተራውን ሲያራዝምና ሌሎቹ ሲታገሡት፣ የዚያ ምሽት ዘፈን ከተቀዳው ጋር በስሙ እንጂ በሌላው ሁሉ አይገጥምም። ለዚህ ሲባል መምጣት ያስኬዳል።

ለእኛማ ባንድ መስማት ማለት ከቤት ውጭ ማደር ማለት ነበር። በደርግ ዘመን ለብዙ ዓመታት ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር፣ ማታ ሆቴል ገብቶ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ወይ ጨዋታው ሳይደራ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ ወይ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ እዚያው ይቆያል። እኔም ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ከናዝሬት በባቡር መጥተን፣ ለገሃር ወርደን፣ ሮሃ ባንድ ወደሚጫወትበት ሆቴል ስንገባ ማደሪያ አልያዝንም፤ መያዝም አላስፈለገንም። እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ እንደማንኛውም ሰው ድምፃዊውን እያየን እናጨበጭብ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግን ድምፃውያኑ አረፍ ሲሉና ከፊሉ ታዳሚ ጠረጴዛ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲያንቀላፋ፣ ሙዚቀኞቹ ያለ ዘፋኝ ትዝታ ጀመሩ። የሚያስጨፍሩት ሰው ስላልነበረ አልተቻኮሉም። የጆቫኒ ሪኮ ባስ ጊታር ዝቅ ብሎ ሲመላለስ፣ በካሴት የማውቀውን የሮሃን ድምፅ ከሥር የተሸከመው ምን እንደነበር ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዘፈን ስሰማ ጆሮዬ አስቀድሞ ወደ ባሱ ይሄዳል። ሰዓት እላፊውን እያመሰገንኩ አይደለም፤ ስንቱ ቤት ያለቀሰበት ዘመን ነው። ቢሆንም ሙዚቀኛና አድማጭ ሌሊቱን ሙሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ የተገናኙት በእሱ ምክንያት ነበር።

እንዲህ ያለው ባንድ እየሳሳ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድ ደግሞ ሒልተን ይጫወቱ ነበር። ዋልያሶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄደው ሲጫወቱ ከመካከላቸው በርካቶቹ እዚያው ቀሩ። በኋላም ኪቦርድ መጣና የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ድርሻ አንድ ሰው በጣቶቹ ይሸፍነው ጀመር፤ ለሆቴሉ ወጪ ቀነሰለት፣ ለእኛ ግን መድረኩ ጎደለብን። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ አብሮት የተጫወተው አይቤክስ መሆኑን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? አንቺ የባንድሽን ከበሮ መቺ ሳይቀር በስሙ ስትጠሪው ስሰማ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። አልጋ መያዙን ተዉት፤ ቤታችን ልደታ እያለ ለሆቴል የምትከፍሉት ገንዘብ የለም፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይዘረጋል። ከቃሊቲ ቀላል ባቡሩን ብትይዙ ሳትቀይሩ ልደታ ያወርዳችኋል፤ ከታጨቀ ግን የሚቀጥለውን ጠብቁ እንጂ ሻንጣ ይዛችሁ አትጋፉ። ቲኬቱ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ተብሎ ቢጻፍም ባንዱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት መድረክ ላይ ይወጣል ብዬ አልጠብቅም፤ ስለዚህ እራት በልታችሁ፣ ጥቂትም ጋደም ብላችሁ ውጡ። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማጉያው ፊት አትቁሚ፤ እዚያ ባሱ ደረትን ይደልቃል እንጂ ዜማው አይለይም፣ ጆሮም ይጎዳል። ሚክሰሩ የተቀመጠበትን ቦታ ፈልጊ፤ ባለሙያው ድምፁን የሚያመዛዝነው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ስለሆነ፣ ከአጠገቡ የቆመ ሰው ከሁሉ የተሻለውን ይሰማል። ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ስለሚጋፋ ያን ቦታ የሚሻማሽ አይኖርም። አንድ ሁለት ዘፈን በስልክሽ ከቀረጽሽ ይበቃል፤ ባትሪው ለመመለሻ ታክሲ መጥሪያ ያስፈልግሻል።

ከስታዲየም ልደታ ቅርብ ነው ብላችሁ በእግር እንዳትሞክሩት። የታክሲውን ሰሌዳ አይታችሁ ሦስታችሁም አንድ ላይ ግቡ፤ አንዳችሁ ከደከማት ሁላችሁም ትመለሳላችሁ። የምትጠጡትን ነገር ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትነሱ። ይህን ለደመወዝተኛ ሰው መንገር እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ሳቂና አድርጊው። የመመለሻ ሰዓታችሁን አልወስንም፣ አልደውልምም። እናትሽ ግን ትደውላለች፤ አንሺላት።

ጓደኛሽ ከዝግጅቱ በኋላ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት እንሂድ ማለቷንም ሰምቻለሁ። እሷ የምታስታውሰው ካዛንቺስ ዛሬ የለም፤ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙው ሰፈር ፈርሷል። በዚያ ሰዓት አዝማሪ ፍለጋ ከተማውን ከመዞር ይልቅ ባንዱን እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ ብትቆዩለት ይሻላል፤ ታዳሚው እየቀነሰ ሲሄድ ነው ሙዚቀኞች ለራሳቸው የሚጫወቱት።

እሑድ ቁርስ ላይ ባሲስቱ ምን እንደሠራ ትነግሪኛለሽ፤ ስለ ድምፃዊው ልብስ ለእናትሽ አውሪያት። አውቶቡሳችሁ እኩለ ቀን ላይ የሚነሳ ከሆነ ጊዜ አለን። እናትሽ ዶሮ ለመሥራት ስላሰበች፣ ጓደኞችሽ የሚጾሙ እንደሆነ እስከ ዓርብ ድረስ አሳውቂያት።

አባትሽ
ልደታ፣ አዲስ አበባ